ሌሊትን በካሜራ፦ ከእንጦጦ እስከ አንኮበር

ፀሐይ ከወጨጫ ተራራ ጀርባ ስታዘቀዝቅ፣ እንጦጦ ላይ ፎቶ ሲነሳ የዋለው ሰው ዕቃውን ሸክፎ ቁልቁል መውረድ ይጀምራል። ሙሽሮቹ ሄደዋል፤ ተመራቂዎቹ ጋዋናቸውን አጥፈው ታክሲ ይጠብቃሉ። ብርዱ ከባሕር ዛፉ ሥር መነሳት ጀምሯል። በዚህ ሰዓት ሽቅብ የሚመጡት ጥቂቶች ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ ቦርሳ፣ እጃቸው ላይ ትራይፖድ፣ ከላይ ወፍራም ጃኬት። የእነሱ ሥራ ገና መጀመሩ ነው። የአገራችን ሰዓት አቆጣጠርም ይመቻቸዋል፤ ፀሐይ ስትገባ ምሽቱን ከአንድ ብሎ ይጀምርላቸዋል።

እኔም ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነኝ። እንጀራዬ ሌላ ነው፤ ፎቶ የማነሳው ደስ ስለሚለኝ ብቻ ነው። የሌሊት ፎቶ ሲባል ብዙ ሰው ውድ ካሜራና ረጅም ሌንስ ይታየዋል። ዓመታት ወጥቼ ያረጋገጥኩት ግን ለዚህ ሥራ ትልቁ ሀብት ጨለማ መሆኑን ነው። ይህ ሀብት በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች አካባቢ ከተሟጠጠ ቆይቷል። እኛ ዘንድ ገና አለ፣ ያውም በብዛት።

ከእንጦጦ አናት የሚነሳው የመጀመሪያው ፎቶ ኮከብ የለበትም። ፀሐይ ገብታ ሰማዩ ጥቁር ሳይሆን ጥልቅ ሰማያዊ የሚሆንበት አጭር ጊዜ አለ። ከታች ከተማዋ መብራቷን አብርታለች፤ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃ ከሁሉም በላይ ይታያል፤ አዳዲሶቹ ጎዳናዎች ወርቃማ መስመር ሠርተዋል። ከላይ የሰማዩ፣ ከታች የከተማው ብርሃን ተመጣጥነው ስለሚቆሙ ካሜራው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይይዛቸዋል። ጊዜው ካለፈ ሰማዩ ድፍን ጥቁር ይሆንና መብራቶቹ ብቻቸውን ይቀራሉ።

ይህ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ በጣም አጭር ነው፤ ከሃያ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ምክንያቱ ያለንበት ቦታ ነው። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው ቀጥ ብላ ነው ማለት ይቻላል። ስቶክሆልም የሚኖር ወገናችን በሰኔ ወር ምሽት ሰማያዊውን ብርሃን ለሰዓታት ሲያየው ያመሻል፤ እዚያ ፀሐይ አድማሱን በአግድም እየታከከች ስለምታልፍ በበጋቸው ሙሉ ጨለማ የሚባል የለም። እኛ ዘንድ ፀሐይ ከገባች ከአንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ገደማ በኋላ ሰማዩ የመጨረሻ ጥቁረቱን ይይዛል። ስለዚህ አዲስ አበባን በምሽት ማንሳት የሚፈልግ ሰው ትራይፖዱን ተክሎ፣ ፍሬሙን መርጦ፣ ፎከሱን አስተካክሎ የሚጨርሰው ፀሐይ ሳትገባ ነው።

ካሜራው በጨለማ የሚሠራውን ለመረዳት የአዲስ አበባን የውኃ ወረፋ የሚያውቅ ሰው ብዙ ትምህርት አያሻውም። ሌሊት የምትመጣው የቧንቧ ውኃ ቀጭን ናት፤ ጀሪካኑን ከሥሯ አስቀምጦ የሚታገሥ ሰው ግን ጠዋት ሙሉ ሆኖ ያገኘዋል። ብርሃንም እንደዚያው ነው። የሌንሱ ቀዳዳ፣ አፐርቸር የምንለው፣ የቧንቧው ስፋት ነው። የሹተሩ ጊዜ ቧንቧው ተከፍቶ የሚቆይበት ነው። ቀን ላይ የሰከንድ አንድ መቶኛ የሚበቃው ካሜራ ሌሊት አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ሰከንድ ይጠይቃል። ሦስተኛው አይ ኤስ ኦ ነው፤ ይህ ብርሃን አይጨምርም፣ የተገኘውን ትንሽ ብርሃን ያጎላል። ሲያጎላ ደግሞ አብሮት ያለውን ቅንጣት ቅንጣት የሚል ብጥስጣሽ፣ ፎቶ አንሺዎች ኖይዝ የሚሉትን፣ አብሮ ያጎላዋል።

የአፐርቸር ቁጥሮች ጀማሪውን ያደናግራሉ። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ 2.8 ላይ የሚገባው ብርሃን 5.6 ላይ ከሚገባው አራት እጥፍ ነው። ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው ተራ ሌንስ አብዛኛውን ጊዜ 3.5 ድረስ ይከፈታል። እሱም ይበቃል። ከእንጦጦ ለሚነሳ የከተማ ፎቶ እስከ መጨረሻው መክፈት አያስፈልግም፤ 8 ላይ አድርጎ፣ አይ ኤስ ኦውን 100 ላይ አስቀምጦ ሹተሩን ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ሰከንድ መክፈት ነው። በቀለበት መንገዱ የሚሄዱት መኪኖች ራሳቸው ይጠፉና መብራታቸው ነጭና ቀይ ክር ሆኖ ይቀራል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ካሜራው ፈጽሞ ካልተንቀሳቀሰ ነው። ትራይፖድ የሌለው ሰው ትንሽ ከረጢት ሽምብራ ይሙላና ግንብ ላይ አስቀምጦ ካሜራውን ይጫንበት፤ ሽምብራው የካሜራውን ቅርጽ ይዞ ይረጋል። ሹተሩን በጣት መጫን ራሱ ስለሚያነቃንቅ የሁለት ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪውን መጠቀም ይሻላል። ስልክ ብቻ ያለውም ከዚህ አይገለልም። የዛሬ ስልኮች በሌሊት ብዙ አጫጭር ፎቶዎችን ተከታትለው ያነሱና አንድ ላይ ያዋህዷቸዋል። ኖይዝ ከፎቶ ፎቶ ቦታው ስለሚለያይ ሲደማመር ይጣፋል፤ አሥራ ስድስት ፎቶ ቢዋሃድ ኖይዙ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስልኩ ግንብ ላይ ተደግፎ ከቆመ ውጤቱ በእጅ ተይዞ ከሚነሳው በእጅጉ ይለያል።

የሌሊትን ፎቶ ያስጀመሩት ባለ ትልልቅ ስቱዲዮዎች አለመሆናቸው ያበረታኛል። በ1890ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የለንደንን ጎዳናዎች በጋዝ መብራት ያነሳው ፖል ማርቲን ኑሮው ለጋዜጦችና ለመጽሔቶች ሥዕል በእንጨት ላይ መቅረጽ ነበር፤ ካሜራው የትርፍ ጊዜው ነበረች። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ፓሪስን በሌሊት ያነሳው ብራሳይም ፎቶን የተማረው ከተማዋን በእግሩ ሲዞር ከመሸ በኋላ የሚያየውን ለማስቀረት ብሎ ነው። ሹተሩ የሚከፈትበትን ጊዜ በሲጋራ ይለካ ነበር ይባላል፤ ለብርሃናማው ጎዳና ቶሎ የሚያልቀውን፣ ለጨለማው ደግሞ ወፍራሙን ያጨሳል። እኛ ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ሰዓት አለ። ትዕግሥቱ ግን ያው የእነሱ ትዕግሥት ነው።

ከሰው ጋር የሚነሳ የሌሊት ፎቶ ሌላ ዓለም ነው፤ ለዚህ ደግሞ ጥር 10 ማታ፣ የከተራ ዕለት፣ ጃንሜዳን የሚያህል ቦታ አላውቅም። ታቦታቱ በድንኳናቸው ያድራሉ። ካህናቱ በማኅሌት፣ ምእመኑ በጸሎትና በዝማሬ ሌሊቱን ይዘልቁታል። ሜዳው ነጠላና ጋቢ የለበሰ ሰው ሞልቶታል፤ ነጭ ልብስ ደግሞ ትንሿን ብርሃን ሳይቀር መልሶ ይሰጣል። ጧፍ ይዛ የቆመች እናት ፊቷ ላይ ያለው ብርሃን የትኛውም ስቱዲዮ የማይሠራው ነው።

ይህ ውበት ምክንያት አለው። ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ጧፉ ከፊቷ አንድ ስንዝር ቢርቅ፣ ከኋላዋ ሁለት ክንድ ርቆ የቆመው ሰው የሚደርሰው ብርሃን እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ፊቷ ብቻ ከጨለማው ተነጥሎ ይወጣል፤ የተቀረው ሁሉ ራሱን ይደብቃል። እዚህ ላይ ፍላሽ መተኮስ ይህን ሁሉ በአንድ ቅጽበት ያጠፋዋል። ከፎቶውም በላይ በጸሎት ላይ ያለን ሰው ማወክ ነው፤ እኔ ፍላሼን ጃንሜዳ ይዤ አልሄድም። 1.8 ድረስ የሚከፈት ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከርካሾቹ ሌንሶች አንዱ ነው፤ አይ ኤስ ኦ 3200፣ ሹተር የሰከንድ አንድ ስድሳኛ፣ ከዚያ ትንፋሽን ይዞ መጫን። ሰውዬው ወይም ሴትዮዋ ካሜራውን አይተው ፊታቸውን ካዞሩ ማውረድ ነው። ፈገግ ብለው በራሳቸው ከፈቀዱ ግን ቀስ ብሎ አንዱን ማንሳትና አሳይቶ ማመስገን ይገባል። ጠዋት አድራሻ ተቀብሎ ፎቶውን መላክ ደግሞ የጨዋ ልጅ ግዴታ ይመስለኛል።

ኮከብ የሚፈልግ ሰው ከተማውን ለቅቆ መውጣት አለበት። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ አንኮበር ይገኛል። ደጋው እዚያ ላይ በድንገት ይቆረጣል። በስተምሥራቅ ገደሉ ቁልቁል ወርዶ ወርዶ የአፋር ቆላ ላይ ይደርሳል፤ በዚያ አቅጣጫ ትልቅ ከተማ ስለሌለ ሰማዩ እስከ አድማሱ ጥቁር ነው። ጊዜው በፈቀደልን ወቅት፣ በመጋቢት መጨረሻ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ ከአንድ ወዳጄ ጋር እዚያ ገደል አፋፍ ላይ አድረን ነበር።

ትራይፖዳችንን ስንዘረጋ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዱላቸውን የያዙ አንድ አዛውንት ጥበቃ መጡ።

«ልጆቼ፣ በዚህ ጨለማ ምን ይታያችኋል?»

«ሰማዩን ልናነሳ ነው አባባ።»

«ሰማይ ደግሞ በፎቶ ይነሳል?»

ሹተሩን ለሃያ ሰከንድ ከፈትኩና አብረን ዝም ብለን ጠበቅን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት አልፎ ነበር። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ፍኖተ ሐሊብ፣ ሚልኪ ዌይ የሚሉት የከዋክብት ጅረት፣ ከቆላው ላይ ተነስቶ ሰማዩን በአግድም ይዞታል። መካከሉ ከእኛ 26,000 የብርሃን ዓመት ይርቃል። ስክሪኑ ላይ ሲወጣ አዛውንቱ ጎንበስ ብለው ብዙ ጊዜ አዩት።

«ይሄን እኮ በልጅነታችን በዓይናችን ነበር የምናየው» አሉ። «አሁን ዓይኔ ደክሟል። አጥቢያ ኮከብ ስትወጣ ነበር ለእርሻ የምንነሳው፤ ሰዓት ማን ነበረው?»

የአዛውንቱ ዓይን በዕድሜ ቢደክምም፣ ጤነኛ ዓይንም ካሜራው የሚያየውን ሁሉ አያይም። ዓይናችን ብርሃንን አያጠራቅምም፤ ያየውን ወዲያው ያሳልፈዋል። በጨለማ የሚሠራው የዓይናችን ክፍል ደግሞ ቀለም አይለይም። ካሜራው ሃያ ሰከንድ የጠጣውን ብርሃን በአንድ ላይ ስለሚያወጣው የጅረቱን ቡናማና ቢጫ ቀለም፣ በመካከሉ ያለውን ጥቁር አቧራ ሁሉ ያሳያል። እንደዚያም ሆኖ ዓይንን ማክበር ያስፈልጋል። ጨለማን ለመልመድ ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ የስልክ መብራት ካየ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ለዚህ ነው የኮከብ ፎቶ አንሺዎች ቀይ መብራት የሚይዙት።

ሃያ ሰከንድ የተባለው በዘፈቀደ አይደለም። ምድር ስለምትዞር ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ይጓዛል፤ ሹተሩ ብዙ ከቆየ ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ይቀርና ሰረዝ ይሆናል። ልምድ ያስገኘው ስሌት 500ን ለሌንሱ የሚሊ ሜትር ቁጥር ማካፈል ነው። ብርሃን የሚቀበለው ክፍሉ፣ ሴንሰሩ፣ ትልቅ በሆነ ካሜራ ባለ 24 ሌንስ ሃያ ሰከንድ ገደማ ይፈቅዳል። ሴንሰሩ አነስ ባለው የተለመደ ካሜራ የሌንሱን ቁጥር በ1.5 ማባዛት ይቀድማል፤ ስለዚህ ባለ 18ቱ ሌንስ 18 ሰከንድ ገደማ ይሰጣል። ፎከሱ ግን በአውቶማቲክ አይሠራም። ማንዋል ላይ ተደርጎ፣ አንድ ደማቅ ኮከብ በስክሪኑ ላይ ጎልቶ፣ ኮከቡ የመጨረሻ ትንሹ ነጥብ እስኪሆን ቀለበቱን ቀስ ብሎ ማዞር ነው። ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚያልቅ ትርፉን በውስጥ ኪስ ይዞ ማሞቅ ይጠቅማል። ወደ ንጋት ሌንሱ ላይ ጤዛ ያርፋል፤ ለስላሳ ጨርቅ ካልተያዘ የሌሊቱ ሥራ እዚያ ላይ ይቆማል።

ሆን ብሎ ሰረዙን መፈለግም ይቻላል። ሹተሩን ደጋግሞ በመክፈት ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት የተነሳው ሲደመር የከዋክብቱ መንገድ ይወጣል። በዚህ የእኛ ሰማይ ከሌላው ይለያል። የሰሜን ኮከብ በአውሮፓ ከፍ ብሎ ስለሚታይ በእነሱ ፎቶ ከዋክብቱ ዙሪያውን ሙሉ ክብ ይሠራሉ። አዲስ አበባ ላይ የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የሚነሳው፤ ክንድን ዘርግቶ ጭብጥ ቢያስቀምጡ የጭብጡን ቁመት አይሞላም። ክቦቹ በተራሮቻችን ስለሚቆረጡ በሰሜን ግማሽ ቅስት፣ በምሥራቅ ደግሞ ቀጥ ብሎ የሚወጣ መስመር እናገኛለን። ዞር ብለው ወደ ደቡብ ሲያዩ በሚያዝያ አጋማሽ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ የደቡብ መስቀል ቀጥ ብሎ ይቆማል። በአንድ ሌሊት የሰሜኑንም ኮከብ የደቡቡንም መስቀል ማንሳት እንችላለን።

ጊዜውን መምረጥ ግማሽ ሥራ ነው። የፍኖተ ሐሊብ ደማቅ መካከል ከየካቲት ጀምሮ ከንጋት በፊት መታየት ይጀምራል፤ በሚያዝያና በግንቦት የሌሊቱን ብዙውን ክፍል ይይዛል። በቁመቱ የሚያምርበት ሰኔና ሐምሌ በእኛ ክረምት ነው፤ ደመናው አይፈቅድም። ዝናቡ ሲያበቃ ግን አየሩ አቧራው ታጥቦለት ይጠራል፤ በጥቅምት ገና እንደመሸ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በደቡብ ምዕራብ ሰማይ ላይ ይገኛል።

ከዚያ ጨረቃ አለች። ሙሉ ጨረቃ ከፀሐይ 400,000 ጊዜ ያህል ብትደበዝዝም ደካማ ከዋክብትን ለመዋጥ ትበቃለች፤ ስለዚህ ኮከብ ፈላጊ የሚወጣው ጨረቃ በሌለችበት ነው። በዓሎቻችንን ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስታወስ አይከብድም። የሙስሊሙ ወር በአዲስ ጨረቃ ስለሚገባ የረመዳን መጀመሪያና መጨረሻ ሌሊቶች ጨለማ ናቸው። ፋሲካ ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ስለሚውል በትንሣኤ ሌሊት ጨረቃዋ እየጎደለች ነው። ጨረቃ ከዕለት ወደ ዕለት 50 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ስለምትወጣም በጎደለች ቁጥር የምሽቱ ጨለማ እየሰፋ ይሄዳል። በሙሉ ጨረቃ ሌሊት ደግሞ ቤት መቀመጥ አያስፈልግም። አይ ኤስ ኦ 1600፣ አፐርቸር 4፣ አሥራ አምስት ሰከንድ፤ ሣሩ አረንጓዴ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፣ ቀን ይመስላል፣ ከላዩ ግን ከዋክብት አሉበት።

ስለ ደኅንነትም መናገር አለብኝ። ብቻን መውጣት ጥሩ አይደለም፤ እንጦጦ ጫካ ጅብ አለ፣ ከጅብ በላይ የሚያሳስብም አለ። ሴት ፎቶ አንሺዎች በሌሊት የሚወጡት ጥቂት የሆኑት ፍላጎት ስለሌላቸው አይደለም፤ በቡድን መውጣቱን ልማድ ብናደርገው ቁጥራቸው ይጨምራል። የጦር ካምፕ፣ ቤተ መንግሥት፣ ኤምባሲና የመሳሰሉት ያሉበትን አቅጣጫ መተው ነው። ጥበቃ ካለ ካሜራው ከቦርሳ ሳይወጣ ቀርቦ ሰላም ማለት፣ ማን እንደሆኑና ምን እንደሚያነሱ መናገር ይገባል። በጨለማ ውስጥ ትራይፖድ ሲዘረጋ ያየ ጥበቃ ቢሰጋ እውነቱን ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የዓለም የብርሃን ብክለት ካርታ ከዓለም ሕዝብ ሲሶው ያህሉ ካለበት ቦታ ሆኖ ፍኖተ ሐሊብን ማየት እንደማይችል አሳይቷል። በ2023 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ፣ በአብዛኛው በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ሰዎች በዓይናቸው አይተው ከላኩት በመነሳት፣ የሌሊቱ ሰማይ ብርሃን በዓመት ወደ 10 በመቶ እየጨመረ መሆኑን ገምቷል። እኛም ርቀን አልቀረንም። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። ያሉበት ተራራ ግን የአዲስ አበባ ብርሃን ከሥሩ ይወጣበታል፤ ለተሻለ ምልከታ የላሊበላ አካባቢ ከፍተኛ ተራሮች ሲጠኑ የቆዩትም ጨለማ ፍለጋ ነው።

መብራት የሌለው ቤተሰብ መብራት ያግኝ፤ በዚህ ላይ ሁለት ሐሳብ የለኝም። በኩራዝ ያጠና ልጅ ጨለማን እንዲያደንቅ ማንም ሊጠይቀው አይችልም። ነገር ግን ወደ ሰማይ የሚረጨው ብርሃን ለማንም አያበራም፤ የተከፈለበት ኤሌክትሪክ ወደ ላይ ሄዶ ይጠፋል። ነጩ፣ ሰማያዊ የበዛበት የኤል ኢ ዲ መብራት ደግሞ በአየር ውስጥ ይበልጥ ይበተናል። መብራቱ ላይ ክዳን ቢደረግ፣ ወደ መሬት ቢያጎነብስ፣ ቀለሙም ሞቅ ወዳለው ቢመለስ መንገዱ ያንኑ ያህል ይታያል፤ ሰማዩም ይተርፋል። አዳዲስ ጎዳና የሚሠሩ መሐንዲሶች ይህን ዛሬ ቢያስቡበት ነገ ከመንቀል ይድናሉ።

እኛ አማተሮቹ ደግሞ አንድ ሥራ አለን፤ ማንም ሊከለክለን የማይችል፣ ገንዘብም የማይጠይቅ። እያንዳንዳችን አንድ ቦታ እንምረጥ፤ የወላጆቻችን ቤት ጓሮ፣ የትምህርት ቤታችን ሜዳ፣ የምናውቀው ኮረብታ ይሁን። በየዓመቱ በጥቅምት ወር ጨረቃ በሌለችበት ምሽት፣ በዚያው ሰዓት፣ ወደዚያው አቅጣጫ፣ በዚያው አፐርቸር፣ በዚያው አይ ኤስ ኦና በዚያው የሰከንድ ቁጥር አንድ ፎቶ እናንሳ። ቀኑንና ቦታውን ጽፈን እናስቀምጥ። ከአሥር ዓመት በኋላ የአገራችን ሰማይ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው መነሻ የሚሆነው መረጃ ይኖረዋል። ካሜራ ያላችሁ በካሜራችሁ፣ ስልክ ያላችሁ በስልካችሁ፣ በዚህ ጥቅምት ጀምሩ።